ወረራ በገበታ ላይ፦ የጨዋታ ሕግ አጻጻፍ፤ «ከ…»፣ «ቢ…» እና «ቢ… ኖሮ»

«ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል ዛሬ የምታውቁት በሒሳብና በጂኦግራፊ መጽሐፎቻችሁ ውስጥ ነው፤ አኃዝ በመደዳና በዓምድ የሚሰፍርበት ሥዕል ነው። አባቶቻችን ግን ቃሉን የሚያውቁት በሌላ ትርጉም ነበር። ሰንጠረዥ በነገሥታትና በመሳፍንት አዳራሽ የሚጫወቱት፣ ሁለት ሠራዊት በ64 ቤት ላይ የሚዋጉበት ጨዋታ ነው። በዚህ ትምህርት በመጀመሪያ ስለዚህ ጨዋታና ስለ ዘመዶቹ የተጻፈውን ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎ በምንባቡ ውስጥ የሚመላለሱትን ሦስት የአነጋገር ስልቶች ትመረምራላችሁ። ከዚያም የራሳችሁን ገበታ ሠርታችሁ ሕጉን ትጽፋላችሁ። ስታነቡ «ከ»፣ «ቢ» እና «ኖሮ» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች በደብተራችሁ መዝግቡ።

ምንባብ

የሰንጠረዥ ገበታ እንደ ዛሬው ቼስ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቀ የተቀባ እንጨት አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ፣ በላዩ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቅዳጅ እየተሰፋበት ስምንት በስምንት ቤት ይከፈል ነበር። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር እና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆም ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል ዝሆን ማለት ነው፤ በሰያፍ አንዱን ቤት ዘልሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ደር በቀጥታ መንገዱ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ይጓዛል። መደቅ እግረኛው ወታደር ነው፤ ወደ ፊት አንድ ቤት ይራመዳል፣ ሲገድል ግን በሰያፍ ነው።

ይህን ጨዋታ በዓለም ካሉት የቼስ ዓይነቶች ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። በቼስ አንዱ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ሌላው ተራውን ጠብቆ ይመልሳል። በሰንጠረዥ ግን መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል እርምጃ እየሄዱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው ያንን አይቶ መደቁን ይገፋል፤ ያኛው ደግሞ ይህን አይቶ አሰላለፉን ይለውጣል። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ከሁለቱ አንዱ የባላጋራውን የመጀመሪያ ወታደር ከገደለ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል።

የአጨራረሱም ወግ የራሱ ነበር። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ብዙ ክብር አያስገኝም። በፊል ወይም በፈርዝ ማት ያደረገ ይመሰገናል፤ በመደቅ ያደረገው ግን ከሁሉ ይበልጥ ይደነቃል። ጦሩ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግም አይፈቀድም ነበር። ተመልካቹ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ያሞግሳል። ዛሬ በቼስ ውድድር አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ተመልካች ቢገኝ በር ያዩለታል።

ጨዋታው በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ አንድ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትግራይን የጐበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ጨዋታውን አይቷል። ከእርሱ በኋላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ሕጉን በዝርዝር ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እነዚህን ጽሑፎች ሰብስበውና በሕይወት የነበሩትን አዛውንት ጠይቀው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ሰፋ ያለ ጥናት አሳትመዋል። ይህ ባይደረግ ኖሮ ዛሬ ከሰንጠረዥ የሚተርፈን ስሙ ብቻ በሆነ ነበር። ምክንያቱም ከ1928ቱ የኢጣልያ ወረራ በኋላ የሚጫወተው ሰው እየጠፋ ሄዷል። ጨዋታውን የሚያውቁት መኳንንት አንዳንዶቹ በጦር ሜዳ ወደቁ፣ አንዳንዶቹ ተሰደዱ፤ አዳራሾቹም ተዘጉ። ሕጉ ይኖር የነበረው በተጫዋቾቹ ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በወረቀት ላይ አልነበረም። ከውጭ ሰዎች ብዕር የምንማረው ለዚህ ነው፤ ይህም ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ነው።

በአውሮፓ የጦርነት ጨዋታ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1824 እ.ኤ.አ. ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩስያ መኰንን አባቱ የጀመረውን ጨዋታ አሻሽሎ ሕጉን አሳተመ። ይህ ጨዋታ ቤቶች ያሉት ገበታ አይደለም፤ እውነተኛ የቦታ ካርታ ነው። በካርታው ላይ ትንንሽ ቁራጮች የእግረኛ፣ የፈረሰኛና የመድፈኛ ጦር ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ተራ የሁለት ደቂቃ ውጊያ ነው። የውጊያው ውጤት በዳይ ይወሰናል፤ ዳኛ የሚሆን ሰውም አለ። የፕሩስያ ጦር መኰንኖቹን በዚህ አሠለጠነ፤ ሌሎችም አገሮች ተከተሉ።

በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቻርልስ ሮበርትስ ተመሳሳይ ጨዋታ ለሕዝብ ገበያ አቀረበ። ጥቂት ቆይቶ በካርታዎቹ ላይ አራት ማዕዘን ቤት ቀርቶ፣ ንብ በቀፎዋ ውስጥ እንደምትሠራው ያለ ባለ ስድስት ጎን ቤት ተተካ። ምክንያቱን በጂኦሜትሪ ትምህርታችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። በአራት ማዕዘን ቤት ላይ በሰያፍ የሄደ ጦር በቀጥታ ከሄደው 1.41 ጊዜ ያህል ይርቃል፤ በባለ ስድስት ጎን ቤት ላይ ግን ከመካከል እስከ መካከል ያለው ርቀት በስድስቱም አቅጣጫ እኩል ነው።

ከዚያ በኋላ ገበታው እየሰፋ፣ ሕጉም እየበዛ ሄደ። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ የተደረገውን ዘመቻ የሚያሳየው ጨዋታ የመጨረሻው ጥግ ነው። ካርታው ሦስት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከ1,500 በላይ የካርቶን ቁራጭ አለው፤ አሥር ሰው ያጫውታል። ከመነሻው እስከ መድረሻው ለመጫወት 1,500 ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል ይባላል። ስንቁ፣ ነዳጁ፣ ውኃው ሁሉ ይቈጠራል። የኢጣልያ ወታደሮች ፓስታ የሚቀቅሉበት ተጨማሪ ውኃ ካልደረሳቸው ወኔያቸው ይቀንሳል የሚል ሕግ እንኳ አለበት። ደራሲው ሪቻርድ በርግ ይህችን ሕግ ለቀልድ እንደ ጨመራት በኋላ ተናግሯል። ጨርሶ የተጫወተው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሰንጠረዥ ሕጉ ሳይጻፍ ሊጠፋ ደረሰ፤ ይህኛው ሕጉ ከመብዛቱ የተነሣ ተጫዋች አጣ።

የ1928ቱን ዘመቻ በእንዲህ ያለ ገበታ ላይ ማስፈር ይቻላል። የኢጣልያ ጦር በጄኔራል ዴ ቦኖ መሪነት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ በሦስት ዓምድ ወደ አዲግራት፣ ወደ እንትጮና ወደ ዐድዋ ገፋ። ዐድዋን በመስከረም 25፣ መቀሌን በጥቅምት 28 ያዘ። በኅዳር ወር ዴ ቦኖ ተሽሮ ባዶልዮ ተተካ። በታኅሣሥ የኢትዮጵያ ጦር ማጥቃት ጀመረ፤ የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጒና ድል አደረገ። በጥርና በየካቲት በተምቤን፣ በአምባ አራዳምና በሽሬ ከባድ ውጊያ ተደረገ። መጋቢት 22 የማይጨው ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 27 የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከመረብ እስከ አዲስ አበባ 215 ቀን ነው፤ አንዱን ተራ አንድ ሳምንት ብናደርገው ዘመቻው 31 ተራ ያህል ይወስዳል።

ነገር ግን ጨዋታው የሚጀምረው ከመስከረም 22 ነውን? የሰንጠረዥ ተጫዋች ይህን ቢጠየቅ «ወረራውን የት ጣላችሁት?» ማለቱ አይቀርም። ወልወል ላይ ግጭት የተነሣው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ መረብ መሻገር ድረስ አሥር ወር ያህል ኢጣልያ ወታደር፣ መድፍና መኪና በምጽዋ ወደብ ታራግፍ፣ በኤርትራ ምድር መንገድ ትሠራ ነበር። ኢትዮጵያ ግን በውጭ አገሮች የጦር መሣሪያ ዕገዳ ምክንያት ልትገዛ የፈለገችውን ማስገባት ተቸገረች። የግጭት ሰበብ እንዳይፈጠርም የድንበር ጦሯን 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲርቅ አዘዘች። ከሁለቱ ተሰላፊዎች አንዱ እጁን እንደ ልቡ ያንቀሳቅሳል፤ የሌላው እጅ ተይዟል። መስከረም 22 የመጀመሪያው ወታደር ሲወድቅ የጨዋታው ግማሽ አልቆ ነበር ማለት ነው። በመረብ የሚጀምር ገበታ ይህን አያሳይም።

ገበታ ጨርሶ የማያሳየውም አለ። የኢጣልያ አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ መጣሉን «የኢትዮጵያ ጦር ሁለት ነጥብ ይቀነስበታል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ካርቶን ቆዳ የለውም።

ሰዋስው

ከላይ ያነበባችሁት ምንባብ በሦስት ዓይነት ሰው አፍ ይናገራል። የመጀመሪያው ሕግ አውጪው ነው፤ ሁለተኛው ገበታው ፊት ተቀምጦ የሚያስበው ተጫዋች ነው፤ ሦስተኛው ሁሉ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለከተው ታሪክ ጸሐፊ ነው። ሦስቱም ስለ ሁኔታ ይናገራሉ፤ የአማርኛ ቋንቋ ግን ለእያንዳንዳቸው የተለየ መንገድ ሰጥቷቸዋል።

ሕግ አውጪው «ከ»ን ከኀላፊ አንቀጽ ጋር ያጣምራል። «የመጀመሪያውን ወታደር ከገደለ ወረራው ያበቃል።» አሉታው «ካል…» ነው፤ «ውኃ ካልደረሳቸው ወኔያቸው ይቀንሳል።» በዚህ አነጋገር ጥርጥር የለበትም። ሁኔታው በተፈጸመ ቍጥር ውጤቱ ይከተላል፤ ስለዚህ ማሰሪያው አንቀጽ ብዙውን ጊዜ የትንቢት አንቀጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ይኸው «ከ» ጊዜንም ያመለክታል። «ጦሩ ከተነሣ ሦስት ቀን ሆነው» ስንል መነሣቱን መጠራጠራችን አይደለም፤ የተነሣበትን ጊዜ መቍጠራችን ነው። «ጦሩ ከተነሣ ድልድዩ ይፈርሳል» የሚለውን ግን አንዱ ተጫዋች «የተነሣ እንደ ሆነ»፣ ሌላው «ከተነሣ በኋላ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። በተራ ወሬ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይጐዳም፤ በሕግ ላይ ግን ጠብ ያመጣል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ወይ «የተነሣ እንደ ሆነ»፣ ወይ «ከተነሣ በኋላ» ብላችሁ ግልጹን ጻፉ።

ተጫዋቹ «ቢ»ን ይጠቀማል። «ፈረሴን ባወጣ መደቁን ይገፋብኛል»፤ «እንዲህ ያለ ተመልካች ቢገኝ በር ያዩለታል።» ነገሩ ገና አልሆነም፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። «ቢ» ከትንቢት አንቀጽ ጋር እንጂ ከኀላፊ ጋር አይጣመርም። አሉታው «ባይ…» ነው። «ም» ሲጨመርበት ትርጉሙ ይገለበጣል፤ «ቢዘንብም ይጓዛል» ስንል ዝናቡ ጉዞውን እንደማያስቀረው መናገራችን ነው። አንዲት ፊደል ሕጉን ሁሉ እንደምትለውጥ ልብ በሉ።

ታሪክ ጸሐፊው «ቢ… ኖሮ» ይላል። «ይህ ባይደረግ ኖሮ ስሙ ብቻ በሆነ ነበር።» እዚህ ላይ ነገሩ አልፏል፤ የሆነውም የተነገረው ተቃራኒ ነው። ጥናቱ ተደርጓል፤ ስሙ ብቻም አልቀረም። የማሰሪያው አንቀጽ በሁለት መልክ ይመጣል፤ «ይደርስ ነበር» ወይም «በደረሰ ነበር» ማለት ይቻላል። ሁለተኛው የጽሑፍ ጠባይ ይበልጥ አለው።

የ1928ን ዘመቻ ሲያነሡ ብዙ ሰዎች በዚህ በሦስተኛው አነጋገር ይናገራሉ። ለምሳሌ የማይጨው ጥቃት መጀመሪያ ከታሰበበት ቀን እንደ ዘገየ፣ ኢጣልያኖችም የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክት ይጠልፉ እንደ ነበር ይታወቃል። ከዚህ ተነሥቶ «ጥቃቱ ባይዘገይ ኖሮ ድሉ የእኛ በሆነ ነበር» ማለት ሰዋስዉ ትክክል ነው። ነገር ግን የዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ በማስረጃ የተደገፈ ሲሆን መጨረሻው ግምት ነው። አውሮፕላኑና መድፉ በዚያው ቦታ ነበሩ። «ጥቃቱ ባይዘገይ ኖሮ የኢጣልያ ጦር ምሽጉን አጠናክሮ ለመጠበቅ ያገኘው ጊዜ ባጠረ ነበር» ቢባል ግን ማስረጃውና ድምዳሜው ይቀራረባሉ። በድርሰታችሁ ውስጥ «ኖሮ» በጻፋችሁ ቍጥር ምን ያህል ርቀት እንደ ዘለላችሁ ለኩ። ገበታም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ «ኖሮ»ውን ወደ «ቢ» መልሶ ደግማችሁ እንድትጫወቱት ያደርጋል።

ድርሰት፦ ሕግ መጻፍ

ማይጨውን ያላየ ተማሪ የማይጨውን ገበታ ለመሥራት ይቸገራል። ስለዚህ በምታውቁት ምድር ጀምሩ። በአርሲ፣ በጄጁ፣ አርቦዬ ላይ የሚማር ልጅ ከአካባቢው እርሻ እስከ አሰላ ያለውን መንገድ ያውቃል፤ ዳገቱ የት እንደሚከብድ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው የት መኪና እንደሚይዝ፣ የትኛው ወንዝ ሲሞላ እንደማያሻግር ሰው ሳይነግረው ያውቃል። ከአሰላ በላይ ያለው የጭላሎ ተራራ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ማንም በቀጥታ አይሻገረውም፣ ይዞረዋል እንጂ። ጦር ሳታስገቡ በመጀመሪያ ስንዴ አጓጕዙ። አንዱ ተጫዋች በበቅሎ፣ ሌላው በመኪና፣ እኩል ኩንታል ይዘው ከአርቦዬ ወደ አሰላ ይነሡ። ካርታውን በካርቶን ላይ ሥላችሁ ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ከፋፍሉት፤ ጠጠርና ባቄላ ቁራጭ ይሁናችሁ። ስንቅ ያላጓጓዘ ተማሪ ጦር ቢያዝ በሦስተኛው ተራ ሠራዊቱን በረኀብ ይጨርሳል።

ሕጉን ስትጽፉ የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

«በቅሎ ሲደክም ያርፋል።»

ለተረት ይበቃል፤ ለሕግ ግን አይበቃም። የበቅሎውን መድከም ማን ይወስናል? ለምን ያህል ጊዜ ያርፋል? ባለቤቱ «አልደከመም» ቢል ባላጋራው ምን ይመልሳል? እንዲህ ሲታረም ይሻላል፦

«በቅሎ ሦስት ተራ በተከታታይ ከተጓዘ በአራተኛው ተራ ካለበት ቤት አይነሣም።»

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማንም የሚከራከርበት ቃል የለም። ቍጥሩ ተነግሯል፤ ሁኔታው በ«ከ» ታስሯል፤ ውጤቱም ክልከላ ነው። ሕግ ከክልከላ ሌላ ግዴታንና ፈቃድን ይናገራል፤ «መሻገር አለበት»፣ «ሊሻገር ይችላል»፣ «አይሻገርም» የሚሉትን አትቀላቅሉ። በተለይ «ይሻገራል» የምትለዋ ቃል ግዴታም ፈቃድም ትመስላለችና ብቻዋን አትተዉአት።

የሕጋችሁ ብዛት ከአንድ ገጽ አይለፍ። የፓስታውን ውኃ አስታውሱ።

ስትጨርሱ ጽሑፉን ጨዋታውን ላላየ የሌላ ክፍል ተማሪ ስጡትና ከጓደኛው ጋር ይጫወት። እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ አንድ ቃል አትንገሩት። ሊጠይቃችሁ ቀና ባለ ቍጥር በደብተራችሁ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱ የሕጉን ጐዶሎ ቦታ ይነግራችኋል። ሄንሪ ሶልትና ፕላውደን የጻፉትን ብቻ ይዞ ሰንጠረዥን ሊጫወት የሚነሣ ሰውም ልክ እንደዚህ ቀና ይላል፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

መልመጃ

ሀ. በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የሚናገረው ሕግ አውጪው፣ ተጫዋቹ ወይስ ታሪክ ጸሐፊው እንደ ሆነ ለዩ፤ ምክንያታችሁንም ጻፉ።

1. ወንዙ ከሞላ መኪና አያሻግርም።
2. በሌላው መንገድ ብዞር ሁለት ተራ ይወስድብኛል።
3. የድንበሩ ጦር ወደ ኋላ ባይርቅ ኖሮ በመረብ ላይ ውጊያ በተደረገ ነበር።
4. ዝናብ ቢጥልም በቅሎ ይጓዛል።

ለ. «ጠላት ከደረሰ መንገዱ ይዘጋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው። ሁለቱን ትርጉሞች በሁለት ግልጽ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።

ሐ. በ«ሀ» ሥር የተሰጠውን ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር ወደ ተጫዋቹ አነጋገር ለውጡት። በለወጣችሁ ጊዜ ምን ዓይነት እርግጠኝነት እንደ ጠፋና ምን እንደ ተገኘ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

መ. በሰፈራችሁ ካሉት አዛውንት ዛሬ ልጆች የማይጫወቱትን አንድ ጨዋታ ጠይቃችሁ ሕጉን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አስፍሩ። አዛውንቱ የተጠቀሙባቸውን የጨዋታ ቃላት በሌላ ቃል አትተኩ፤ እንደ ሰማችኋቸው ጽፋችሁ ከሥራቸው ፍቻቸውን ስጡ።